ደንገጎ ላይ የምትተኛ ቪትዝ፦ ሞላ ልቁረጥ ወይስ አሞርዛተር ልቀይር?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂው የድሬዳዋ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው፤ የ2002 ሞዴል ቪትዝ አለው። በሳምንት ሁለት ሦስቴ በደንገጎ ተራራ መንገድ ድሬና ሐረር ይመላለሳል። «ጋሼ፣ ደንገጎ ጥምዝምዙ ላይ መኪናዋ ወደ ጎን ትተኛለች። መሪ ስሰጣት ትንሽ ቆይታ ነው የምትሰማኝ። አንድ መካኒክ ሞላዋን አንድ ዙር ቆርጠን ዝቅ እናድርጋት፣ መሬት ትይዛለች ይለኛል። ጓደኛዬ ኮይሎቨር ከዱባይ ላስመጣልህ ይላል። ሌላው ደግሞ ሰፊ ጎማና ትልቅ ቸርኬ ይበቃሃል ባይ ነው። ብሬ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው። የቱን ላድርግ?»

አንተ ብዬህ ልቀጥል፤ ድሬ ላይ «እርስዎ» የሚባባል ሰው ብዙም አላየሁም። ብርህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ አሞርዛተር ግዛበት፣ አራቱንም። ሞላውን አትቁረጥ። ኮይሎቨሩን፣ ማለትም ቁመቱ የሚስተካከለውን የሞላና የአሞርዛተር ጥንድ፣ እርሳው። ጎማው ላይ ግን እንነጋገራለን፤ «ጎማ ቀይር» ያለህ ሰው በግማሽ ልክ ነው።

መኪናህ ከፋብሪካ ከወጣች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። ባሕር ተሻግራ መጥታ፣ በኛ ኮብልስቶንና ጉድጓድ ስትንገጫገጭ ኖራለች። «ትተኛለች» የምትለው ጠባይ አብሯት የተወለደ አይደለም። የደከመ አሞርዛተር፣ የደረቀ ጎሚኒ (ብረት ከብረት እንዳይጋጭ መሃል የሚገባው ላስቲክ) እና ያረጀ ጎማ ተደምረው ያመጡት ነው። ይሄን ሳያዩ አፕግሬድ መግዛት ገላን ሳይታጠቡ ሽቶ መቀባት ነው።

ሞላና አሞርዛተርን ብዙ ሰው እንደ አንድ ነገር ያያቸዋል። ሥራቸው ለየቅል ነው። ሞላ ሸክም ይይዛል። መኪናዋ ኩርባ ላይ ስንት ዲግሪ እንደምታጋድል የሚወስኑት እሱና ግራና ቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ብረት፣ ስታቢላይዘር ባሩ ናቸው። አሞርዛተር ደግሞ እዚያ ዲግሪ ላይ በምን ፍጥነት እንደምትደርስ ይወስናል። ደርሳ ዝም ትላለች ወይስ ትወዛወዛለች የሚለውም የሱ ጉዳይ ነው። ሹፌርን የሚያስፈራው ዲግሪው አይደለም። ቀስ ብላ አምስት ዲግሪ የምታጋድልን መኪና ታምናታለህ። ሦስት ዲግሪ ዱብ ብላ፣ ተመልሳ፣ እንደገና ዱብ የምትል መኪና ላይ ግን መዳፍህ ያልብሃል። ደንገጎ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ ነው። ካንዱ ኩርባ ሳትረጋጋ ሌላው ይመጣል። የደከመ አሞርዛተር እዚያ ነው የሚጋለጠው። ከተማ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር በ30 ስትነዳ አታውቀውም።

«ዝቅ ስትል መሬት ትይዛለች» ያለህ መካኒክ ውሸታም አይደለም። ግን ስንት ታተርፋለህ? እስቲ እናስላው። ቪትዝህን 900 ኪሎ እንበላት። የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 50 ሴንቲሜትር ላይ ይሁን። በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል 1.45 ሜትር እንያዝ። ኩርባ ላይ የጎን ግፊቱ የክብደቷን ግማሽ ያህል ደረሰ እንበል። ይህ ማለት ከኋላ የተቀመጡት እናት «ኧረ ቀስ በል ልጄ» የሚሉበት ሰዓት ነው። ያኔ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዛወረው ጭነት 155 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስት ሴንቲሜትር ዝቅ ስታደርጋት 146 ይሆናል። ዘጠኝ ኪሎ አተረፍክ፤ የአንድ ሕፃን ክብደት። የሞላው መጠንከር ራሱ ደግሞ ከዚህ ቁጥር ምንም አይቀንስም። የሚቀንሰው የቦዲውን ማጋደል ብቻ ነው።

የምትከፍለውስ? እንዲህ ያለች ትንሽ መኪና ቆማ ሳለ ጎማዋ ወደ ላይ የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ሴንቲሜትር ነው። ሦስቱን በግራይንደር አጠፋህ። አራት ሰው ሲገባ ሌላ ሁለት ሦስት ይሄዳል። የቀረህ ቢበዛ የሁለት ጣት ስፋት ነው። ከዚያ በኋላ መኪናዋ በሞላ ላይ አይደለም የምትሄደው፤ መጨረሻ ላይ በሚቀበላት ጎሚኒ ላይ ነው። ጎሚኒው ላይ የደረሰች መኪና ድንገት ድንጋይ ትሆናለች።

ሌላም ጣጣ አለ። የቪትዝ ፊት ማክፈርሰን የሚባለው፣ አሞርዛተሩ ራሱ ጎማውን ከላይ የሚይዝበት ዓይነት ነው፤ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከቀየሰው አሜሪካዊ መሐንዲስ ከኧርል ማክፈርሰን ነው። ርካሽ፣ ቀላል፣ ቦታ የማይፈጅ አሠራር ነው፤ ግን ዝቅ መደረግ አይወድም። ብዙ ዝቅ ስታደርገው ጎማውን ከሥር የሚይዘው ክንድ፣ ሎወር አርሙ፣ በጎማው በኩል ሽቅብ ይቃናል። ያኔ ቦዲው የሚያጋድልበት ምናባዊ ነጥብ ከክብደቷ ማዕከል ይበልጥ ፈጥኖ ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ማለትም የሚያጋድላት ማንሻ፣ ይረዝማል። መኪናዋ ዝቅ ብላ ሳለ ለመጋደል ያላት ጉልበት ይጨምራል ማለት ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው ቆርጦ ቆርጦ «አሁንም ትተኛለች፣ ትንሽ እንጨምር» ይላል።

እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። ወጣት ሳለሁ ስታርሌት ነበረችኝ። በገዛ እጄ የኋላ ሞላዎቿን አንድ ዙር ተኩል ቆረጥኳቸው። ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል፤ ስድስት የሚሠራ ዙር ካለው አንዱን ብትቆርጥ በ20 በመቶ ያህል ይጠነክራል። እኔ ደግሞ የቆረጥኩት ከአንድ በላይ ነው፤ አሞርዛተሩ ግን ያው አሮጌው። ለስላሳውን ሞላ መያዝ ያቃተውን ጠንካራ ሞላ አሸከምኩት። ድሬ ከተማ ውስጥ ንግሥት ነበረች። ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቼን ጭኜ ሐረር ወጣን። ሽቅቡ ላይ ምንም አልነበረም። ስንመለስ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አንድ የግራ ኩርባ መሃል አስፋልቱ ተጠግኖ ያበጠበት ቦታ ነበር። የኋላው ጎማ እብጠቱ ላይ ሲወጣ ዷ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ለአፍታ ምንም አልተሰማኝም። ጎማው መሬት ለቋል። ሲመለስ ኋላዋ ወደ ውጭ ሸሸ፤ ከታች አንድ አይሱዙ እየወጣ ነው። መሪውን ወደ ሸሸችበት መልሼ እንደምንም አቀናኋት። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም። አንዱ ጓደኛዬ አፉ ውስጥ የነበረውን ጫት በመስኮት ተፋ፤ ምርቃናው እዚያው አለቀ። ድሬ ገብቼ በክሪክ ሳነሳት የግራው ሞላ ከመቀመጫው ወጥቶ መሬት ላይ ተንከባለለ። አጥሮ ስለነበር ጎማው ሲንጠለጠል የሚይዘው ነገር አልነበረም።

ይሄ ሁሉ ለስላሳ ሞላ መጥፎ ነው ከሚል እምነት የመጣ ነው። በሚቀጥለው ሐረር ስትደርስ ፈረስ መጋላ የቆሙትን ፔጆ 404ዎች ቆም ብለህ እያቸው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የወጣው፤ ቅርጹ የፒኒንፋሪና ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። የኬንያን ጭቃና አቧራ ማለት ነው። ቁመቱን አይተኸዋል? ዝቅ አላለም። ለስላሳ ሞላ አለው፤ ጎማው ወደ ላይም ወደ ታችም ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ያንን መንገድ በአግባቡ የሚቆጣጠር አሞርዛተር አለው። ኩርባ ላይ በደንብ ያጋድላል። ጎማው ግን መሬት አይለቅም። ለኛ መንገድ የሚሆን መኪና ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ትምህርት ቤቱ እዚያው ፈረስ መጋላ ቆሟል።

አሁን ወደ ቪትዝህ እንመለስ። ብር ከማውጣትህ በፊት ጎማውን እይ።

የጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት ፊደሎች መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 2316 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ገና ስላለ «አዲስ ነው» እንዳትል። የድሬ ፀሐይ ጎማን ሳይነዳ ያደርቀዋል። የደረቀ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖም አስፋልት አይነክስም፤ በጥፍርህ ስትጫነው እንደ ቀንድ ይሆንብሃል። እንደዚያ ከሆነ ብርህ ወደ አሞርዛተር ሳይሆን መጀመሪያ ወደ ጎማ ይሂድ። ሐሳቤን የማስቀይረው ይህ አንድ ነገር ነው። መኪናህን ከመሬት ጋር የሚያገናኟት አራት የመዳፍ ስፋት ያላቸው ላስቲኮች ናቸው። የቀረው ሁሉ ለነሱ አገልጋይ ነው።

ስለ ሰፊው ጎማና ትልቁ ቸርኬ እንግዲህ። መኪናህ ላይ 175/65 ባለ 14 (ስፋቱ 175 ሚሊሜትር፣ ጎኑ የስፋቱ 65 በመቶ፣ ቸርኬው 14 ኢንች) ካለ የጎማው ጎን ቁመት 114 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 195/50 ባለ 15 ስትገጥም የጎማው ጠቅላላ ቁመት ብዙም አይለወጥም፤ ጎኑ ግን ወደ 98 ይወርዳል። መሪው ይፈጥንልሃል፣ እውነት ነው። ግን ያ 16 ሚሊሜትር ጉድጓድ ስትመታ ቸርኬህን የሚያድነው ትራስ ነበር። በዚያ ላይ ትልቁ ቸርኬ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ የከበደ ጎማን ደግሞ የደከመ አሞርዛተር ጭራሽ አይችለውም። እኔ ብሆን ባለ 14ቱ ላይ ቆይቼ ደህና የሚባል ጎማ እገዛለሁ። ሰፋ ይበል ካልክ 185/60 ባለ 14 ይበቃሃል።

አየሩም አለ። አንዳንዱ «ሙቀት ነው» ብሎ ያስቀንሳል። ተሳስቷል። አየር ያነሰው ጎማ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ ሲተጣጠፍ ይበልጥ ይሞቃል። መሪው የሚዘገይብህ አንዱ ምክንያትም ይሄው ሊሆን ይችላል፤ መሪ ስትሰጥ ቸርኬው ይዞራል፣ የጎማው ጎን ግን ገና እየተጣመመ ነው። በሹፌሩ በር በኩል ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አንብብ። ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ አስለካ። ጎሚስታ ጋ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ የተለካ ልክ ልክ አይደለም። «ሐረር ሲወጣ ላስተካክለው?» ብለው የሚጠይቁኝም አሉ። አያስፈልግም። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ከፍታው መለኪያውን ትንሽ ሽቅብ ይገፋዋል፣ ብርዱ ትንሽ ይመልሰዋል፤ ይጣፋሉ።

ቀጥሎ ጎሚኒና ቴስቲና (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፍ)። ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀይርና ፍሬን ስትይዝ ከፊት በኩል «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ የሎወር አርሙ ጎሚኒ አልቋል። በክሪክ አንሳት፤ ማቆሚያ እንጨት ወይም ስታንድ ሳታስገባ ከሥር አትግባ። ጎማውን በግራና ቀኝ ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተንገጫገጨ ቴስቲናው ነው። ከላይና ከታች ይዘህ ስትነቀንቅ ከተንገጫገጨ ቦል ጆይንት ወይም የጎማው ኩሽኔታ ነው። ሎወር አርሙን በብረት ጎትት አድርገውና ጎሚኒውን በባትሪ እየው። ደህና ጎሚኒ ጥቁርና ሙሉ ነው። ያንተ መኪና ዕድሜ ላይ ያለ ግን ብዙ ጊዜ በመሃሉ እንደ ደረቀ መሬት ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ፊት ጎማህ በዚያ ስንጥቅ ልክ ራሱን በራሱ ይነዳል ማለት ነው። ዋጋው ከአሞርዛተር ጋር አይወዳደርም፤ አብረህ ቀይረው።

አሞርዛተሩን «ኮፈኑን ተጭነህ ልቀቀው» እያሉ የሚፈትሹ አሉ። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘች እውነትም ሞቷል። አንዴ ተመልሳ ከቆመች ግን ደህና ነው ማለት አይደለም፤ ይህ ፈተና ሬሳን እንጂ በሽተኛን አይለይም። ዘይት ያለቀሰ መሆኑን እይ። የጎማውን ጥርስ ዙሪያውን በእጅህ ዳብስ፤ እንደ ሞገድ ከፍ ዝቅ ካለ ጎማው ሲዘል ነው የኖረው።

ስትገዛ የመኪናህን ትክክለኛ ሞዴል የሚገጥም፣ በጋዝ የሚሠራውን ጠይቅ። ካያባ ሁሉም መካኒክ የሚያውቀው ነው፤ ለዚያም ነው ካርቶኑ የሚቀዳው። አንዴ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ጥንድ በአራት ወሩ ዘይት አነባ፤ ካርቶኑ ግን እንዴት ያምር ነበር። ካርቶኑን ተወውና ዕቃውን አውጣ። ዘንጉን እስከ ታች ተጭነህ ልቀቀው፤ ጋዝ ያለው ቀስ ብሎ በራሱ ይወጣል። ስትጭነው መሃል ላይ ባዶ የሚመስልህ ቦታ ካለ፣ ዘንጉ ላይ ጭረት ካየህ፣ ብየዳው ዝርክርክ ከሆነ መልስለት። ሁለቱን ፊቶች አንድ ላይ፣ ሁለቱን ኋላዎች አንድ ላይ ቀይር። የላይኛውን መቀመጫ፣ የመጨረሻውን ጎሚኒና የአቧራ መከላከያውን አትርሳ። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ነፋስ ሲያነሳው የት እንደሚገባ አንተም ታውቃለህ።

ሲገጠም እዚያው ቁም። ሦስት ነገር ተመልከት። አንደኛ፣ ሞላው በትክክለኛ መጭመቂያ ይታሰር። በሽቦና በገመድ የሚያስር መካኒክ ካየህ መኪናህን ይዘህ ሂድ፤ የተጨመቀ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ሁለተኛ፣ አዲሱ አሞርዛተር ከመገጠሙ በፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ አራት አምስቴ ይጨመቅ፤ ተኝቶ የመጣ ዕቃ ውስጡ አየር ይይዛል። ሦስተኛው ብዙ ጋራዥ የሚዘለው ነው። የሎወር አርሙ ብሎኖች መጨረሻ የሚጠብቁት መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው። በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ካጠበቁት፣ መሬት ስትወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። በተጠመዘዘበት ሲሠራ ይውልና በጥቂት ወራት ይቀደዳል። ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል።

ከዚያ በቀጥታ ዊል አላይመንት፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል። ነገ ዛሬ አትበል። ፊቱ ሲፈታ ልኩ ይቀየራል። የኋላው አንድ ወጥ አክስል ስለሆነ እንደ ፊቱ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ ማሽኑ ኋላውን ጠማማ ካሳየ የተጣመመ ወይም በደንብ ያልተገጠመ ነገር አለና እሱን አስፈልግ። ባለሙያው የሚያውቅ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ አናት በአንድ ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ እንዲያዘነብል ጠይቀው። መኪናዋ ስታጋድል የውጩ ጎማ ቀጥ ብሎ መሬቱን ይይዛል።

ከቀሩት ምክሮች ጋር ብዙ አልቆይም። ኮይሎቨር ከአቧራችን ጋር አይስማማም፤ ርካሹ ደግሞ ሞላው ጠንካራ፣ መንገዱ አጭር ነው። የኔን ስታርሌት በውድ ዋጋ መግዛት ነው። ኮፈን ሥር የሚገባው ባር ያምራል፣ ያንተን ችግር አይነካም። ስፔሰር አስገብተህ ከፍ አድርጋት የሚልህም ይመጣል። በላይኛው ስሌት ሦስት ሴንቲሜትር ከፍታ 155ቱን ወደ 164 ያወጣዋል፤ የሞተሩን ጉልበት ለፊት ጎማዎች የሚያደርሰውን ሲቪ ጆይንትም ባላሰበው ማዕዘን ያሠራዋል። የኋላ ስታቢላይዘር ባር መጨመር ግን እውነተኛ አፕግሬድ ነው። ፊቷ ኩርባ ላይ ወደ ውጭ የምትገፋበትን ይቀንሳል። ሆኖም ቁልቁለት ላይ ኋላዋ ቀላል ናት፤ ኩርባ መሃል ነዳጅ ብትለቅ ወይም ፍሬን ብትይዝ ከፊቷ በፊት ኋላዋ ትለቃለች። ደንገጎን በየሳምንቱ ለሚወርድ ሰው አልመክርም።

ቅዳሜ ልትወጣ ከሆነ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አየሩን አስለካና በየጎማው ጎን ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብብ። ስትወርድ ከኩርባው በፊት ፍሬንህን ጨርስ፣ ማርሽ አሳንስ፣ ውስጡ ስትገባ እግርህን አረጋጋ። ከዚያ የጎማውን ዓመትና ያ «ቋ» የሚለው ድምፅ መኖር አለመኖሩን ጻፍልኝ። ጎማህ ከአሥር ዓመት በላይ ከሆነው የነገርኩህን ቅደም ተከተል እንገለብጠዋለን።